የበጉ ዓይንና የሐያት ቀሚስ

ከትናንት ወዲያ ከሰዓት ከበግ ጋር ግብግብ ገጥሜ... ተሸነፍኩ።

በስደት ሀገር፣ ጀሪፍ በሚባል ሰፈር፣ በሠራተኛነት በምሠራበት ቤት ለዓረፋ የተገዛ በግ ግቢው ውስጥ ታስሯል። ገመዱን ፈትቶ የመዳምን አበቦች ሲቀነጥስ ደረስኩበት። ጫማዬን አውልቄ፣ ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ፣ ከኋላው በቀስታ ተጠጋሁ። አንገቱን እንኳን ሳያዞር ፈትለክ! ሦስቴ ሞከርኩ፣ ሦስቴም አመለጠኝ።

የመዳም ልጅ ረሻ በረንዳው ላይ ሆና ሆዷን ይዛ ትስቃለች። ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ነው የምትማረው።

«ያ ሰዓዳ፣ የበግ ዓይኖች እኮ በግራና በቀኝ ናቸው። ሳይዞር ከኋላው ያይሻል።»

«ወላሂ? ከኛ በለጠ በይኛ!»

«አይበልጥም። ዙሪያውን ያያል እንጂ ከፊቱ ያለው ነገር ምን ያህል እንደሚርቀው እንደኛ አይለይም። ርቀቱን ደህና አድርጎ የሚነግረን ሁለቱም ዓይን አንዱን ነገር አብረው ሲያዩት ነው። ድመት ዘላ ስትይዝ የማትስተው ለምን መሰለሽ? ዓይኖቿ ወደፊት ናቸው።»

በጉን ትቼ ወደ ጀመርኩት ስፌት ተመልሼ ተቀመጥኩ። እኔ ደግሞ ነገር ቶሎ አይዋጥልኝም። «እስቲ ተይኝ» አልኳት። እሷም የልብስ መርፌዬን አንስታ ከፊቴ ያዘችልኝ። «ያላ፣ አንድ ዓይንሽን ጨፍኚና ክሩን አስገቢ» አለችኝ።

ቀላል መስሎኝ ነበር። ክሩ አንዴ ከመርፌው ፊት፣ አንዴ ከመርፌው ኋላ ያልፋል። ኧረ ጉድ! ሁለቱንም ዓይን ስከፍት ግን ወዲያው ገባ።

ስስቅ ቆይቼ... ዓይኔ ጭኔ ላይ ያለው ቀሚስ ላይ አረፈ።

ቀሚሱ የልጄ የሐያት ነው። ወሎ ከእናቴ ጋ ትቻት ስመጣ አራት ዓመቷ ነበር፤ አሁን ዘጠኝ ሆኗታል። ጓደኛዬ ዘምዘም በማግስቱ ጠዋት ወደ ሀገር ስለምትገባ፣ ለዓረፋ እንድታደርስልኝ ገዝቼ ቁልፉን እያጠበቅኩ ነበር። ልኩን የወሰድኩት ከጎረቤት ልጅ ነው። ልጅቷ ስድስት ዓመቷ ነው፤ በስልክ ሳያት ሐያቴ ልክ እሷን የምታክል ትመስለኛለች።

«ረሻ... በቪዲዮ ስንደዋወል የስልኩ ካሜራ በስንት ዓይን ነው የሚያየው?»

«በአንድ። ምነው?»

ለካ እኔም ሐያቴን የማያት በአንድ ዓይን ነው! ስልኬን ይዤ ወደ ክፍሌ ገባሁና እናቴ ጋ ደወልኩ።

«እማ፣ ሐያትን አጠገብሽ አቁሚያት። ጭንቅላቷ የት ጋ ይደርስሻል?»

«ምን ሆንሽ ልጄ? ደህና አይደለሽም?»

«ደህና ነኝ፣ በአላህ አቁሚያትማ!»

ትንሽ ተንኮሻኮሹ። ልጄ ስትስቅ ይሰማኛል።

«ትከሻዬ ጋ ደርሳለች» አለችኝ እናቴ። «ያንቺ ልጅ እኮ ሰው ሆናለች! ቁጭ ብላ ስለምታዋራሽ ነው የማታውቂው።»

እኔና እናቴ ቁመታችን አንድ ነው፤ ቀሚስ ተዋውሰን ነበር የምንለብሰው። ስልኩን ዘግቼ እጄን ትከሻዬ ጋ አደረግኩት። ስለያት የምታቅፈኝ ዳሌዬ ጋ ነበር። ከዳሌዬ እስከ ትከሻዬ ያለውን ሁሉ ያደገችው እኔ ሳላይ ነው... አምስት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ፊቷን እያየሁ! እጄን እዚያው እንደያዝኩ አለቀስኩ። ናፍቆቷን የለመድኩት መስሎኝ ነበር፤ ለካ የምናፍቃት የድሮዋን ትንሿን ልጅ ኖሯል። ይቺን ትልቋን ገና ናፍቄያት እንኳን አላውቅም።

ስወጣ ረሻ በጉን በቁራሽ ዳቦ አታልላ አስራዋለች። ቀሚሱ እንደማይሆናት፣ ሄጄ መቀየር እንዳለብኝ ነገርኳት። «ሂጂ፣ እራቱን እኔ እሠራለሁ» አለችኝ። አላህ ይስጣት።

ቀሚሱን በፌስታል ይዤ፣ ሐፍላ የሚሉትን አውቶቡስ ተሳፍሬ፣ የወንዙ ድልድይ ላይ ተጨናንቀን ቆመን ስንት ሰዓት አልፎ የገዛሁበት ባሕሪ ገበያ ደረስኩ። ሻጩ ሊዘጋጋ ሲል ነው የደረስኩበት፤ አስታወሰኝ።

«ይሄ አይሆናትም፣ ቀይርልኝ» አልኩት።

«ስንት ዓመቷ ነው?»

ዕድሜዋን አልነገርኩትም። እጄን ትከሻዬ ጋ አድርጌ «እዚህ ጋ ናት» አልኩት።

ሰውየው ጎንበስ ብሎ ከጎኔ ልጅ ፈለገ... እኔም ዞር ብዬ ፈለግኩ።