ጎርፉን ቀድሞ የሚያይ

እኛ አገር ሰማዩ ጥርት ብሎ ሰው በጎርፍ ይወሰዳል። ዝናቡ የሚወርደው በምዕራብ በኩል፣ ተራራው ላይ ነው፤ ቆቦ የሚደርሰው ውሃው ብቻ ነው። ወሩን ሙሉ አሸዋ ሆኖ የከረመ ወንዝ በድንገት ድንጋይ እያንከባለለ ይመጣል። ታናሽ እህቴ ከሰዓት ትምህርት ቤት የምትሄደው ያንን አሸዋ አቋርጣ ነው። ድልድዩ ዋናው አስፋልት ላይ ስለሆነ ይርቃል፤ ልጆች አይዞሩም። በበልግ ወራት እህቴ እስክትመለስ ድረስ እናቴ ከደጃፍ አትነሳም።

ለጎርፍ ማስጠንቀቂያ የሚሆን ሳይረን እንግዛ ተብሎ ከየቤቱ መዋጮ ተሰበሰበ። በኋላ ስብሰባ ተጠራና የቀበሌያችን የምክር ቤት አባል ተነሣ። ሽርጡን አስተካክሎ፣

«እኔ ቅድሚያ የምሰጠው ለሁለት ነገር ነው» አለ። «ለሕዝቡ ደኅንነት፣ ከዚያ ለሕዝቡ ገንዘብ። ሳይረን ይገዛል፣ ባትሪው ይሞታል። ባትሪ ሲገዛለት ደግሞ ሳይረኑ ይሰረቃል።»

ሰው ሳቀ።

«ላይ አፋፉ ላይ ገበሬ አለን። ዓይን አለው፣ ስልክ አለው። እኔም እዚያው ነኝ። ጎርፉ ሲታይ ለትምህርት ቤቱ ዘበኛ እደውላለሁ፤ በሩን ይዘጋል። አምስት ሳንቲም አይወጣም።»

ተጨበጨበለት። እኔ አላጨበጨብኩም። የራያ ገበሬ ማሽላውን የሚዘራው በጎርፍ ነው፤ ጎርፉን ቀድሞ ያየ፣ ቀድሞ ወደ ማሳው ይጠልፋል። የጮኸ ሰው ለታች ጎረቤቱ አካፋ አቀበለ ማለት ነው። ልጅ ሆኜ አጎቴ ውሃውን ሲያይ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ «ዝም!» ብሎኝ ሲሮጥ ትዝ ይለኛል። የምክር ቤቱ አባል ማሳ ደግሞ ከአፋፉ የመጀመሪያው ነው።

እጄን አወጣሁ። «ጋሼ፣ ጎርፉ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያነሡት ስልኩን ነው አካፋውን?»

«ይሄ ልጅ የገዛ ጥላውንም መታወቂያ ይጠይቃል!» አሉ ከኋላዬ አንዲት እናት፤ አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ።

እሱ አልተቆጣም። «ገጣሚ አይደለህ፣ ብትጠረጥር አይፈረድብህም። እኔም ልጅ አለኝ እኮ። ወላሂ፣ ስልኩን ነው።»

ልጁ የሚማረው ወልድያ ነው። ይህን ማንም አላነሣበትም።

ከዚያ በኋላ ተራራው በጠቆረ ቁጥር እግሬ አላርፍ አለኝ። አንድ ቀን ትምህርት ቤት መልቀቂያው ሲቃረብ ወደ አፋፉ ወጣሁና የበለስ አጥር ጥግ ተቀመጥኩ። የምክር ቤቱ አባል ማሳው ውስጥ ብቻውን ነበር። መጀመሪያ ድምፁ መጣ፤ ከባድ መኪና ጠጠር ሲዘረግፍ ዓይነት። ቀና ብሎ አየ። አካፋውን አነሣ።

ስልኬን አውጥቼ ለዘበኛው ደወልኩ።

«ጎርፍ መጥቷል! በሩን ዝጋ!»

«ማን ልበል?»

ነገርኩት።

«ወንድሜ፣ ተወካዩ አልደወሉም። እሳቸው ሳይደውሉ እንዳትዘጋ ተብያለሁ። ባለፈው ጎረምሶች ቀልደውብኝ ሙሉ ፈረቃ አግቼ እሳቸው ተቆጥተውኛል።»

ከጀርባው የልጆች ጫጫታ ይሰማኛል። የምክር ቤቱ አባል የቦዩን አፍ አፈር እየገፋ ነው፤ ውሃው ወደ ማሳው መታጠፍ ጀምሯል። ከአጥሩ ወጥቼ እየሮጥኩ ጮህኩ።

«ጋሼ! ይደውሉ! እህቴ እዚያ ናት!»

ደነገጠ። አካፋውን ግን አልጣለም፤ አፈሩን ሁለት ጊዜ ቆረጠና ጭቃ የነካው እጁን በሽርጡ ጠርጎ ስልኩን አወጣ። በሩ ተዘጋ። ቀድመው የወጡትን ዘበኛው እየሮጠ ከወንዙ ዳር መለሳቸው። እህቴ ከእነሱ መሃል ነበረች፣ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛ።

በሚቀጥለው ስብሰባ ያየሁትን ተናገርኩ። አልካደም።

«ውሃ ጠልፌአለሁ። ውሃ ቁም ቢሉት አይቆም። የደወልኩትስ እኔ አይደለሁም? የማን ልጅ ጎደለ?»



«ጎርፉን የሚጠብቀው ሰው እዚያ መሬት የሌለው ይሁን» አልኩ።

ሳልጨርስ ተቀበለኝ። «ልክ ብሏል! መሬት የሌለው፣ ሥራም የሌለው፣ ቀኑን ሙሉ ሰማይ ሲያይ የሚውል ሰው የምታውቁ አላችሁ?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ለእሱ ከተጨበጨበው በላይ ተጨበጨበልኝ። አምስት ሳንቲም አልወጣም።

አሁን አፋፉ ላይ የምውለው እኔ ነኝ። ዘበኛው የእኔን ስልክ ሲያይ ሳይጠይቅ በሩን ይዘጋል፤ እናቴም ከደጃፍ መነሣት ጀምራለች። እኔን የሚከነክነኝ የሰውዬው ፍጥነት ነው። መልሱን አስቦበት የመጣ ይመስል ነበር። ስብሰባው ድሮ ጠዋት ነበር፤ አሁን ከሰዓት ሆኗል፤ ደመና በሚከማችበት፣ እኔ ከዚህ ልነቃነቅ በማልችልበት ሰዓት። ስለ ሳይረኑ መዋጮ መንገድ ላይ ስጠይቀው «በጥናት ላይ ነው፣ የኔ ልጅ» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ ያደርገኛል።

ዛሬም ስብሰባ አለ። ሄጄ ሰው ሁሉ እየሰማ ልጠይቀው ተነሥቼ ነበር። ተራራው ጠቆረ። እህቴ ገና ክፍል ውስጥ ናት። ተመልሼ ተቀመጥኩ።