ካፖርቱ ያስተማረኝ ትወና

ዛሬ ከእኔ ቀድሞ በር የሚገባው ሆዴ ነው። ያኔ ግን ቀጭን ነበርኩ፤ ተዋናይም ነኝ ብዬ አምን ነበር። መቱ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ለጃንሆይ ልደት ሠራተኛው ቲያትር ያሳይ ተባለና ለእኔ የሰካራም ጡረተኛ ወታደር ቦታ ደረሰኝ።

ልምምዱ ላይ ጉድ ሆንኩ። በሱፍ ኮቴ ስንገዳገድ፣ የሚያለማምደን አስተማሪ ራሱን ይይዛል። "አንተ የሰከርክ ሳይሆን ጫማ የጠበበህ ነው የምትመስለው" ይለኛል። በመጨረሻ፣ "ልብስ ፈልግ። በራስህ ልብስ ሌላ ሰው መሆን አልቻልክም" አለኝ።

ልብሱ በራችን ላይ ቆሞ ነበር። ዘበኛችን ጋሼ፣ ዕድሜያቸው የገፋ የድሮ ወታደር ናቸው፤ ከመሥሪያ ቤቱ የተሰጣቸውን ወፍራም ካፖርት ከላያቸው አያወርዱም። በበዓሉ ቀን ወደ እሳቸው ሄድኩ።

"ጋሼ፣ ለዛሬ ከሰዓት ያውሱኝ።"

"በዚህ የሐምሌ ዝናብ?"

"አዳራሽ ገብተው ያዩኛል እኮ!"

ሳቁና አወለቁት። "ቆይ ኢልመኮ፣ ቆይ ልጄ፣ ከኪሱ አንድ ነገር ላውጣ" ሲሉ የአለቃችን መኪና ክላክስ አደረገ። በሩን ሊከፍቱ በሸሚዝ ሮጡ። እኔም ካፖርቱን ይዤ ሄድኩ።

መድረክ ላይ ስወጣ ሰውነቴ ሌላ ሆነ። የካፖርቱ ግራ ትከሻ ጠመንጃ በማንገት ብዛት ወርዷል፤ ወደ ግራ ዘመም አልኩ። ክብደቱ እግሬን አስጎተተኝ። የአንገቱ የትምባሆ ሽታ ድምፄን ሳይቀር አጎረነነው። እጄ ደግሞ በራሱ ጊዜ ደረቴ ውስጥ ገባና በእጅ የተሰፋች ኪስ፣ ኪሷ ውስጥም ትንሽ ጠርሙስ አገኘ። ተጎነጨሁ። የምር አረቄ! ሳሉ አፈነኝ፣ እንባዬ ወረደ፣ አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ።

"ዘበኛው ራሳቸው ናቸው እኮ!" ብሎ አንዱ ጮኸ።

ጋሼ የአዳራሹ በር አጠገብ ነበሩ፤ የራሰው ሸሚዝ ገላቸው ላይ ተጣብቋል። እሳቸው ብቻ አልሳቁም።

ሲያልቅ አለቃችን እየሳቀ መጣ። "አንተ! ያቺን ጠርሙስ ከየት አመጣሃት?"

ጋሼ ከበሩ ዓይን ዓይኔን ያያሉ። ሥራ ላይ የጠጣ እንደሚባረር ሁላችንም እናውቃለን። "ከቤቴ" ብል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። እኔ ግን አዋቂ መባል አማረኝ።

"ጌታዬ፣ ምስጢሩ ልብሱ ነው" ብዬ ጀመርኩ። ትከሻውን፣ ክብደቱን፣ ሽታውን ተነተንኩለት። እንዲህ አምሮልኝ ተናግሬ አላውቅም። "ጠርሙሷም እዚያው ኪሱ ውስጥ ነበረች። እኔ ምንም አልጨመርኩም!"

አለቃችን ሳቁን ሳይጨርስ ወደ በሩ ዞረ። በአባቱ ዕድሜ ያሉትን ሰው፣ "አንተ፣ ቁልፉን አስረክብ" አላቸው።

ካፖርቱን ላወልቅ ስል ትከሻዬን ያዘኝ። "ተወው፣ የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ጎሬ ታሳያለህ።"

ጋሼ ቁልፉን ሰጥተው በሸሚዛቸው ዝናቡ ውስጥ ወጡ። እኔ ጎሬ ሄድኩ። ጠርሙሷን ውኃ ሞልቼ ተጫወትኩ፤ ከመቱ የበለጠ ተጨበጨበልኝ።

ከወር በኋላ በእኛው አገር፣ በቡሬ መንገድ አገኘኋቸው፤ የሰው ቡና ጆንያ ተሸክመዋል። ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁ። ሸክማቸውን ሳያወርዱ ቆሙ።

"ጎሬዎችስ ሳቁ?"

"ሳቁ፣ ጋሼ።"

"እንዴታ" አሉና አልፈውኝ ሄዱ።