ዓምሃ ወልዱ እና የታሸገው ኮምፒውተር

ሐምሌ 9 ቀን 1982 ዓ.ም. ዓምሃ ወልዱ በልብ ሕመም ድንገት ሲያርፍ፣ የጎረቤቱ የወይዘሮ እሌኒ ሬዲዮ ጀርባው ተከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ብሎኖቹ በተፈቱበት ቅደም ተከተል ተደርድረዋል። የቀረው አንድ ሽቦ መበየድ ብቻ ነው። እስካሁን አልተበየደም።

ቀብሩ ላይ የተነበበው የሕይወት ታሪክ ጉለሌ መወለዱን፣ በአንድ የመንግሥት የመለዋወጫ ዕቃ ድርጅት ውስጥ የጽሕፈት መኪና ጠጋኝ ሆኖ ማገልገሉን ይናገራል። ትክክል ነው። የሰኔውን ጉዳይ ግን አልያዘም። በዚያው ድርጅት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ስለሆንኩና ነገሩ ሲሆን እዚያው ስለነበርኩ እጽፈዋለሁ።

ድርጅቱ በእርዳታ ያገኘው አንድ ኮምፒውተር ነበረው። ያመጣው የውጭ ባለሙያ አገሩ ሲመለስ የሚነካው ሰው ጠፋና በ1977 ታሽጎ ግምጃ ቤት ገባ። የማሸጉ ሥርዓት የታወቀ ነው፤ ኮሚቴ ይቆማል፣ በዕቃው ክፍተት ሁሉ ላይ ወረቀት ይለጠፋል፣ ሦስት ሰው ይፈርማል፣ ማኅተም ይመታል። ያን ሰሞን ሙጫ ከገበያ ጠፍቶ ስለነበር የሻይ ክበቧ ዓለሜ ዱቄት በውሃ አፍልታ ሰጠች። በዚያ ተለጠፈ።

በሰኔ 1982 ከበላይ አካል ጎብኚዎች ስለሚመጡ ኮምፒውተሩ ሥራ እንዲጀምር ታዘዘ። ከግምጃ ቤት ሲወጣ የፊት ለፊቱ እሽግ ተቀዶ ተገኘ። የድርጅቱ የፖለቲካ ኃላፊ ጓድ ቦጋለ የግምጃ ቤት ሠራተኛዋን ገበያነሽን አስጠራና ቁልፉ በእሷ እጅ ብቻ እንደነበር አስታወሳት። ማሽኑ ካልሠራ ነገሩ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው፣ ከድርጅቱም በላይ ይሄዳል አለ። ገበያነሽ አልተከራከረችም። ታላቅ ወንድሟ በ1970 “ለጥያቄ ትፈለጋለህ” ተብሎ ከቤት እንደወጣ አልተመለሰም። እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከታ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

ዓምሃ ተጠራ። ስለ ኮምፒውተር የሚያውቀው ባለሙያው ሲሠራ አጠገቡ ቆሞ ያየውን ያህል ነው፤ ይህንንም አልደበቀም። መጀመሪያ የጠረጴዛ መብራት ሶኬቱ ላይ ሰካ፤ በራ። ኮምፒውተሩን ግን ሳይሰካ ጎንበስ ብሎ አሸተተው።

“ምን ታሸተዋለህ፣ ወጥ ነው እንዴ? ስካና አብራው” አለ ጓድ ቦጋለ።

“መጀመሪያ ይከፈትና ይታይ ጓድ። ውስጡ የገባ ነገር አለ። እንዲሁ ከሰካነው ይቃጠላል።”

መክፈት ማለት የቀሩትን እሽጎች መቅደድ ነው። ከሦስቱ ፈራሚዎች አንዱ ጓድ ቦጋለ ራሱ ነበር፤ ሁለተኛው ተዛውሯል፣ ሦስተኛው ሞቷል። ሟች የፈረመበትን እሽግ ማን ደፍሮ ይቀድዳል ሲል ጓድ ቦጋለ ጠየቀ። ዓምሃ የኤሌክትሪክ ገመዱን አንሥቶ አቀበለው።

“እንግዲያው እርስዎ ይሰኩት። እኔ እዚያ ገበያነሽ አጠገብ እቆማለሁ።”

ገመዱ ጓድ ቦጋለ እጅ ላይ ቆየ። ዝናቡ የጣሪያውን ቆርቆሮ ይመታ ነበር። በመጨረሻ ገመዱን አስቀመጠና የፈረመበትን ወረቀት በገዛ ጥፍሩ ልጦ ቀደደው።

ክዳኑ ሲነሳ ሁላችንም አየን። የአይጥ ጎጆ ነው። አይጦቹ የዱቄቱን ሙጫ ሊበሉ መጥተው እሽጉን ቀደው ገብተዋል። የሁለት ሽቦዎች ልባስ ተግጦ መዳቡ እርስ በርስ ተነካክቷል። ጎጆው የተሠራው ከእሽጉ ወረቀት ሲሆን፣ አንዱ ቁራጭ ላይ የጓድ ቦጋለ ፊርማ ጅራት ይታያል። አይጥ የጠራው ያሸገው ኮሚቴ እንጂ ገበያነሽ አልነበረችም። ይህን በሰው ፊት መናገር ግን ጓድ ቦጋለን ማዋረድ ነው፤ የተዋረደ ባለሥልጣን ደግሞ በማን ላይ እንደሚመለስ ሁላችንም እናውቃለን።

“ምንድን ነው?” አለ ጓድ ቦጋለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ዓምሃ ጎጆውን ከነወረቀቱ በጋዜጣ ጠቀለለው።

“እርጥበት” አለ። “ጣሪያው ያፈሳል ጓድ። ጥፋቱ የጣሪያው ነው፣ የሰው አይደለም።”

“ከሠራ እርጥበት ነው። ካልሠራ ሌላ ነው።”

ዓምሃ የተጋጡትን ሽቦዎች ለያይቶ በናስትሮ ጠቀለላቸው። ከጎሚስታው ከሙሐዲን በተዋሰው ፓምፕ አቧራውን አራገፈ። ሰክቶ ማብሪያውን ሲጫን ማራገቢያው ዞረ፤ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው። ጓድ ቦጋለ ወደ ገበያነሽ ዞሮ ተመለከታት። ዓምሃ ቀና አላለም። አጠፋ፣ ነቀለ። ከዚያ ውስጠኛው ሰሌዳ ላይ የተሰኩትን ትንንሽ ጥቁር ክፍሎች አንድ በአንድ በአውራ ጣቱ ይጫናቸው ጀመር። ሙቀትና ብርድ ሲፈራረቅባቸው ከቦታቸው ትንሽ ትንሽ እንደሚወጡ ከባለሙያው አይቶ ነበር። አንዳንዶቹ ቀጭ እያሉ ገቡ። እንደገና ሰካ። ጥቂት ቆይቶ ስክሪኑ ጥግ ላይ አረንጓዴ ፊደል ወጣ። ገበያነሽ እዚያው ግድግዳው ሥር ቁጭ አለች።

ቃለ ጉባኤው “እርጥበት” ይላል። ትክክል አይደለም። ጋዜጣውን ዓምሃ በብብቱ ይዞት ወጣ፤ የት እንደጣለው አልተናገረም።

የግቢው በር ላይ ስንደርስ ገበያነሽ “አንተ የአይጥ ጠበቃ” አለችው።

“ጠበቃ ሥራ ፈት ነው” አላት። “የተበላሸ ዕቃ ካለሽ አምጪ።”

የኤሌክትሪክ ካውያዋን አመጣችለት። ሐምሌ 8፣ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ ዓምሃ የጠገነውን ካውያ ይዞ ወደ እንጦጦ የሚያወጣውን ዳገት ወጣ። ገበያነሽ ቤቷ ነበረች። ሰክታ ሞከረችው፤ ጋለ። ግባ ብትለው የወይዘሮ እሌኒ ሬዲዮ እየጠበቀኝ ነው ብሎ ጭቃውን እየመረጠ ቁልቁል ወረደ።