የአባ በቅሎና ፍሬ አልባው ኮካችን

ትናንት ከቅዳሴ መልስ የንስሐ አባታችን ከአስኮ በኩል በበቅሎ ብቅ አሉ። ጃንሆይ ኮልፌ ቢመጡ እንኳ እንደዚያ አይነጠፍላቸውም! አባባ በቅሎዋን ተቀብለው ጓሮ ኮኩ ሥር አሰሩ፣ እማዬ ወንበር ይዛ ሮጠች፣ እኔ መጽሐፌን ጥዬ የእጅ ውሃ አቀረብኩ።

የትናንቱ አመጣጣቸው ግን ለጠላው ብቻ አልነበረም። ሰባተኛ ክፍልን እየደገምኩ ነው፤ ይባስ ብሎ የመንፈቁን ፈተና ወደቅሁ። አባባ ከትምህርት ቤት ሊያስወጡኝ፣ እኔም ከእማዬ ጋር ገበያ በርበሬ ልቸረችር ነው። አባን የጠሩት ነገሩን እንዲመርቁላቸው ነው።

አባ ጠላቸውን ጨልጠው፣ ጺማቸውን ጠርገው፣ በመስቀላቸው ወደ ኮኩ ጠቆሙ። ከተተከለ ጀምሮ አንድ ፍሬ አሳይቶን አያውቅም።

«አየሽ ልጄ፣ ሰው እንደ ዛፍ ነው። መልካም ፍሬ የማያፈራ ዛፍ ይቆረጣል ይላል ቃሉ። ቤተሰብም እንደዚሁ...»

አባባ ከስብከቱ የገባቸው መቁረጡ ብቻ ነው። መጥረቢያ ይዘው ተነሡ።

«እውነትዎን ነው አባታችን! ከኮኩ እጀምራለሁ፤ ለሷም ትምህርት ይሆናታል።»

ከሳቸው ቀድሜ ሮጥኩና ግንዱን አቀፍኩት።

«ዘነበች! ዞር በይ!»

«አልዞርም! አባታችን፣ ጌታዋ ያቺን ፍሬ ያጣባትን በለስ ቁረጣት ሲል፣ አትክልተኛው ምን ብሎ መለሰ?»

አባ ሳል ያዛቸው። አባ ፊት ቃል ተንፍሳ የማታውቀው እማዬ ከበሩ ሆና፣

«ዙሪያዋን ኰትኩቼ ፋንድያ እስካፈስላት ለዘንድሮ ተዋት፣ አለ» አለች።

አባባ ዞረው አዩዋት... እኔም አየኋት።

ልክ ያኔ ከጭንቅላቴ በላይ ቀጭ! የሚል ድምፅ ሰማን። በቅሎዋ አበባ ያንዠረገገውን ቅርንጫፍ ገንጥላ በእርጋታ ታላምጣለች። አባ በመጡ ቁጥር የምትበላው ይህንኑ ነው። ሁላችንም እናያለን... የአባን በቅሎ ማን ደፍሮ «ሂጅ!» ይላል?

«አባባ፣ የኮኩን ፍሬ የበላችው ይቺት!» አልኩ።

«የኔ በቅሎ? እሷ እኮ ጨዋ ናት!» አሉ አባ።

«ጨዋ ናት፤ አበባውን ነው የምትበላው! የኔንም እንግዳ ይበላዋል። መጽሐፍ በገለጥኩ ቁጥር ‹ዘነበች ውሃ! ዘነበች ሣር! ዘነበች ጠላ ድገሚ!› ትሉና፣ ኋላ ‹ፍሬሽ የታለ?› ትሉኛላችሁ። እኔም ኮኩም አንቆረጥም!»

ጥፊው ከየትኛው ወገን እንደሚመጣ ስጠብቅ አባባ መጥረቢያቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። በቅሎዋን ፈቱና ከአጥሩ ውጭ አሰሩዋት። ሲመለሱ ፊቴን ሳያዩ፣

«አንድ ዓመት። ለሁለታችሁም» አሉ።

አባ ሲሄዱ «ምላስሽን እግዜር ያሳጥረው» አሉኝ። መስቀላቸውን ግን አሳለሙኝ።

ዛሬ ጠዋት የኮኩን ዙሪያ ኰተኰትኩ። እማዬም ከኔ ጋር ጎንበስ ብላ ፋንድያ አፈሰሰች... ከስብከቱ ሁሉ ይልቅ ለኮኩ የጠቀመው በቅሎዋ ጥላው የሄደችው ነው!