የሞተው የባትሪ ድንጋይ

ሰላጣ ላይ የፈሰሰ አቼቶ ሲሸተኝ ዛሬም ዓይኔ ላይ የሚመጣው ምግቡ ሳይሆን የአባቴ ጣቶች ናቸው፤ ጥጥ በአቼቶ ነክሮ፣ የሶላር መብራቷን ሆድ የያዘውን አረንጓዴ ዝገት ቀስ እያለ ሲጠርግ።

ቤታችን ሐይቁ አጠገብ፣ ቡሹሎ የሚባል ሰፈር ነበር። እናቴ ከማረፏ በፊት ከውጭው በር እስከ በረንዳው ድረስ አራት የሶላር መብራቶች ተክላ ነበር። እሷ ከሄደች በኋላ የጂኦግራፊ መምህሩ አባቴ ቃሉን ሁሉ ክፍል ውስጥ ጨርሶ የሚመጣ ይመስል፣ «በላሽ?» ብሎኝ የተማሪዎቹ ደብተር ላይ ያቀረቅር ነበር። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ እህትም ወንድምም የለኝም፣ ብቸኝነቱ በጣም ይከብደኝ ነበር።

ክረምት ገብቶ ዝናቡ በክዳኗ ሰርጎ አንዷ መብራት ጠፋች። አባቴ ደብተሩን ዘግቶ «ነይ እስቲ፣ በሽታዋን እንፈልግ» አለኝ። በረንዳው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ አባ ኮዳ የምንለው ትልቁ የሐይቅ ዳር ወፍ ከላይ የለቀቀባትን ኩስ አጥበን፣ ጸሐይ የምትቀበልበትን መስተዋት የመሸ እንዲመስላት በመዳፋችን ሸፍነን ትበራ እንደሆነ አይተን፣ ብሎኗን ፈትተን ዝገቷን ጠረግን። እምቢ ስትል ከአንዷ ደህና መብራት ድንጋዩን አውጥተን ሞከርንላት፤ ቦግ አለች። ጥፋቱ የድንጋዩ ነበር። አባቴ ሳቀ፤ ከእናቴ ቀብር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው። ቻርጅ የሚደረግ አዲስ ድንጋይ ተካላትና የሞተውን «ጣይው» ብሎ ሰጠኝ። እኔ ግን ትራሴ ሥር ደበቅሁት።

መስከረም ጠብቶ ሰማዩ ሲጠራ መብራቶቹ ሁሉ ደህና ሆኑ፣ አባቴም ወደ ደብተሩ ተመለሰ። ይኼኔ ነው ተንኮሉ የመጣልኝ። እሱ ሳያየኝ ከአንዷ ደህናውን ድንጋይ አውጥቼ የሞተውን እከትባት ነበር። እሱም አንዴ በአቧራው፣ አንዴ በዝገቱ እያሳበበ አጠገቤ ተቀምጦ ይመረምርና አዲስ ይተካ ነበር፤ የሞተው ተመልሶ ትራሴ ሥር ይገባል፣ ደህናዎቹ ካልሲዬ ውስጥ ይጠራቀማሉ። በጋው እንዲህ አለፈ፤ ደስተኛ ነበርኩ።

በልግ ሲጀምር አባቴ ከከተማችን ፒያሳ ለአራቱም አዲስ ድንጋይ ገዝቶ መጣ። ብቻውን ቀይሮ፣ ክዳኖቻቸውን በሲሊኮን ግጥም አድርጎ አሸጋቸው።

«ተገላገልሽ ልጄ» አለኝ። «ከእንግዲህ ለዓመታት አንነካቸውም።»

አለቀስኩ። የደስታ መስሎት ራሴን ዳበሰኝ። ከዚያ በኋላ ምሽት ምሽት አራቱም ይበሩ ነበር፤ እሱ በደብተሩ፣ እኔ በክፍሌ።

አሁን የምኖረው እዚያው ከተማ፣ ባህል አዳራሽ አካባቢ ነው። ባለፈው እሁድ ልጠይቀው ሄጄ ሁሉንም ነገርኩት። «ያኔ ብትነግሪኝ ኖሮ አዲሶቹን ድንጋዮች አልገዛም ነበር» አለኝ። ያኔ እሱን አጠገቤ ለማስቀመጥ የማላበላሸው ነገር አልነበረም፤ አሁን ግን እሱ «ትንሽ ቁጭ በይ እንጂ» እያለኝ፣ ባጃጅ እየጠበቀኝ ነው ብዬ የተነሳሁት እኔ ነኝ።