ሮቢት ላይ ያልተጫወትኩት ዘፈን

ጊታር ከመንካቴ በፊት የማውቀው ዜማ መንዙማ ብቻ ነበር። የእናቴ ወንድም ቆቦ ውስጥ በድምፁ የታወቀ መንዙማ አውጪ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ቤታችን በሰው ይሞላል፤ እሱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ድቤው ይመታል። ቀስ ብሎ ይጀመርና እየጋለ፣ እየፈጠነ ሄዶ ወለሉ እስኪንቀጠቀጥ ይደርሳል። ኋላ ሮክ ስሰማ ያልከበደኝ ለዚህ ይመስለኛል።

ሮክን ያሰማኝ ሁለተኛ ደረጃ ስንማር አጠገቤ ይቀመጥ የነበረ፣ ከቆቦ ወጣ ብላ ባለችው ሮቢት የሚኖር የገበሬ ልጅ ነው። ክርስቲያን ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ከበሮ እየመታ ያደገ። ሚኒባስ የሚነዳ ዘመዱ ሜሞሪ ካርድ ላይ ያገኛቸውን የፈረንጅ ዘፈኖች ስልኩ ላይ ጭኖ መጣ። አንዱን ማዳመጫ እሱ፣ ሌላውን እኔ ጆሯችን ላይ ሰክተን ከመማሪያ ክፍሉ ጀርባ ሰማን። ቃሉ አልገባንም። ጊታሩ ግን ለቅሶ ቤት የሚጮህ ሰው ይመስል ነበር። ሲያልቅ፣ "ይሄማ እኛንም አያቅተንም" አለኝ።

ክሩ የጎደለ አሮጌ ጊታር ከአንድ የሰርግ ዘፋኝ አገኘሁ። ጓደኛዬ ደግሞ በርሜል ላይ የፍየል ቆዳ ወጥሮ ከበሮ ሠራ። ሰው እንዳንረብሽ የአባቱ አውድማ ላይ እንለማመድ ነበር። አንድ ቀን አጎቴ ሮቢት ለጉዳይ መጥቶ አገኘን። ይቆጣናል ስንል ቆሞ እስከ መጨረሻው አዳመጠና ጊታሩ ምን ጎድሎበት ነው እንዲህ የሚጮኸው ሲል ጠየቀን።

ጓደኛዬ ሳቀ። "እርስዎም እኮ ይጮሃሉ፣ አባባ።"

"እኔማ የምጠራው አለኝ" አለ አጎቴ። ከዚያ ወዲያ ግን ጊታሩን ተው ብሎኝ አያውቅም።

እኔ ለትምህርት አዲስ አበባ ሄድኩ። ጓደኛዬ አባቱ ስለታመመ ከእርሻው መለየት አልቻለም። ባንድ ውስጥ ገብቼ ኤሌክትሪክ ጊታር መጫወት ስጀምር፣ እሱ ከሮቢት ምት እየቀዳ በስልክ ይልክልኝ ነበር። ጠረጴዛ ይመታል፣ ጀሪካን ይመታል፤ ከጀርባው የላም ድምፅ ይሰማል። ሰው የወደደልኝን የመጀመሪያውን ዘፈን የሠራሁት እሱ በላከልኝ ምት ላይ ነው።

ከዚያ ጦርነቱ ራያ ደረሰ። ስልክ ተቋረጠ። መስመሩ ተመልሶ ስደውል ያነሳችው እህቱ ናት። ማሽላ ሲሰበስቡ ከባድ መሣሪያ መሃላቸው ወድቆ እንደሞተ ነገረችኝ። መጀመሪያ የወደቀበት ማሳ ላይ ቀብረውት፣ ሲረጋጋ አፅሙን ወደ ቤተ ክርስቲያን ወስደውታል።

መንገዱ እንደተከፈተ ጊታሬን ይዤ በአውቶቡስ ሮቢት ወደ ጓደኛዬ ቤት ወረድኩ። አጎቴ ከቆቦ ቀድሞኝ መጥቶ ከቄሱ አጠገብ ተቀምጧል። የጓደኛዬ እናት እጄን ያዘችና፣ እኔ ላጽናናት የመጣሁትን፣ እሷ አብሽር አለችኝ። ከዚያ ጊታሩን አየችው።

"ያንን ጩኸታችሁን አሰማኝ። ቤቱ ዝም አለብኝ።"

አወጣሁት። ክሩን ቃኘሁ። ጣቶቼ ቦታቸውን ያዙ። ግን ዘፈኖቻችንን ሁልጊዜ የሚጀምረው እሱ ነበር፤ ይመታል፣ እኔ እገባለሁ። ጠበቅኩ። ምን እንደምጠብቅ የገባኝ ቆይቶ ነው። ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እጄን እያየ እኔ መጀመር አቃተኝ፤ እንባዬ ጊታሩ ላይ ወረደ።

"ይቆይ ልጄ" አለች እናቱ። "እኔም የምችለው አልመሰለኝም።"

አጎቴ እጁን ዘርግቶ ዱዓ አደረገ። ክርስቲያኑም እስላሙም አሚን አለ።

ባንዳችን ድራመር አለው፤ ጎበዝ ነው፣ እንከን አይወጣለትም። ያንን የመጀመሪያውን ዘፈን ግን መድረክ ላይ አልጫወተውም። አድማጮች ይጠይቃሉ፤ ድምፄ ዛሬ አልተመቸኝም እያልኩ አልፋለሁ።

የጓደኛዬ እናት ጎብዬ ከተማ ሴት ልጇ ዘንድ ገብታለች። ወደ አገር ስወርድ ሳልጠይቃት አላልፍም። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ገበያው እናወራለን እንጂ ስለ ሙዚቃ አታነሳም። ባለፈው መቼ ነው የምታገባው አለችኝ። ገና ነው አልኳት።

"ሚዜህ የሚሆነው እሱ ነበር" አለች፤ ውሃ ልታመጣልኝም ተነሳች።