ስንዝር ድር

ልጄ በአራት ጣውላ ላይ የወጠረችውን ክር በሚዶ ጠቅ ጠቅ እያደረገች ስታጠብቅ፣ ጓዳ ሆኜ ሽሮ የማማስልበት እጄ ቀጥ አለ። የአባቴ ድምፅ ነበር። አባቴ ሸማ ሲሠራ እንጨቱን ወደ ደረቱ ስቦ ማጉን ሲያጠብቅ እንዲሁ ነበር የሚሰማው።

የሽመና ዕቃው የተነቀለ ቀን ቢቸና እቤታችን የነበርነው እናቴ፣ ታላቅ ወንድሜ ሙሉቀን፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም አያ ደሴና እኔ ነበርን። አባቴ አልነበረም፤ በዚያው ክረምት ሞቶብናል።

አባቴ የሞጣ ሰው ነበር። በጋ በጋውን እናቴ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ትፈትል ነበር፣ ሙሉቀን ጥጡን በደጋን ይነድፍ ነበር፣ አባቴ ደግሞ እግሩን ከሽመና ዕቃው ሥር ባለው ጉድጓድ ውስጥ አድርጎ ከጧት እስከ ማታ ይሠራ ነበር። እኔ ውኃ ስቀዳ ልጆች «የቁጢት በጣሽ ልጅ!» እያሉ በአባቴ ሸማኔነት እየሰደቡኝ ይከተሉኛል፣ እኔም እያለቀስሁ እገባለሁ፣ እናቴ ቀና ሳትል «ተያቸው፤ ሲበርዳቸው ይመጣሉ» ትለኝ ነበር። እውነትም አባቶቻቸው ሐምሌ ሳይገባ ጋቢ ሊያሠሩ ይመጡ ነበር።

አባቴ አንድ ሸማ ሲያልቅ ድሩን ከሥሩ አይቆርጠውም ነበር። ስንዝር ያህል ዕቃው ላይ ያስቀርና የሚቀጥለውን ሸማ ድር በዚያው ጫፍ ላይ ክር በክር እየቋጠረ ይቀጥለዋል፤ ያለዚያ እያንዳንዱን ክር እንደ አዲስ በዕቃው የክር ቀለበቶች ማሾለክ ነውና። ቋጠሮው ላይ ጣቴን አስይዞኝ እንዲህ ይለኝ ነበር፦ «ይኸ ጋቢ የፊተኛው ልጅ ነው፤ የፊተኛው ደግሞ የዚያ የፊተኛው። መጀመሪያ ያሰረው አያቴ ነው፣ ሞጣ ላይ።» እኔም እናቴ የዘር ሐረግ የምትለው ነገር ይኸ ክር ይመስለኝ ነበር።

ክረምት ሲገባ ጉድጓዱ ውኃ ያቁር ነበር፣ እርጥበቱም አባቴን ያስለው ነበር። ያን ዓመት ሳሉ ሳይለቀው ቀረና፣ ለእንቁጣጣሽ ብሎ የጀመረልኝን አረንጓዴ ጥለት ያለው ነጠላ ከግማሹ ሳያሳልፈው ነሐሴ ላይ ሞተ።

በመስከረም አያ ደሴ ከገጠር መጣ። ገበሬ ነው፣ ደግ ነው፣ እኛን እቤቱ ወስዶ ሊያኖረን ነበር የመጣው። ዕቃውን ግን አየና ፊቱ ተለወጠ።

«ይኸ እንጨት እኔ ደጅ አይገባም፣ እቱ። ነገ ይችን ልጅ ለትዳር ማን ሊጠይቃት ነው?»

ሙሉቀን ጥግ ቆሞ ነበር። «እንግዲያውስ ያን ጋቢ ያውልቁታ፣ አጎቴ፤ አባቴ ነው የሠራው» አለው።

አያ ደሴ ጋቢውን ይበልጥ ተከናነበ። እናቴ እንዳትስቅም እንዳታለቅስም ከንፈሯን ነክሳ ምላጭ አነሣች።

«እማዬ፣ ስንዝር ተዪ» አላት ሙሉቀን።

እናቴ ስንዝር ተወች። ያላለቀውን ነጠላ ቆርጣ፣ ጠቅልላ እኔ ብብት ውስጥ ወሸቀችው። ሙሉቀን ዕቃውን ነቅሎ፣ ጠፍሮ ትከሻው ላይ ሲያደርገው ያ የቀረው ድር በጀርባው ተንጠልጥሎ ነበር።

«ወዴት ነው?» አለችው።

«ሞጣ፣ ከአባቴ ሰዎች ዘንድ።» ወደ እኔ ዞሮ ደግሞ፣ «አንቺ፣ ነጠላሽን እንዳትጥዪው። መጥቼ እጨርስልሻለሁ» አለኝ።

አልመጣም። አያ ደሴ ቤት ሳድግ መንገደኛ ባለፈ ቁጥር ትከሻውን አይ ነበር። እናቴ ከዚያ ወዲያ እንዝርት ስትይዝ አላየኋትም። «አባትሽ ምን ነበር ሲሉሽ ገበሬ ነበር በይ» ተብዬ ነበርና፣ ለባሌም ገበሬ አልሁ፣ ለልጆቼም ገበሬ አልሁ።

አሁን ልጄ ሥዕል ትማራለች። መምህሯ ከማን እንደተወለዳችሁ በጨርቅና በክር፣ ቤት ባገኛችሁት ነገር ሁሉ ሥሩ ብሏቸው፣ በጣውላው ላይ በሸመነችው ጨርቅ የአባቷን እናት የሰፌድ ቁራጭ ሰፍታበት፣ የእርሻ አፈር በሙጫ ለጥፋበት፣ የሠርጋችንን ፎቶ ጥግ ላይ አድርጋበት፣ «እማ፣ ባንቺ በኩል ባዶ ነው፤ ምን ላድርግበት?» አለችኝ። እኔ በር ቆልፌ መቆለፉን ተመልሼ የማረጋግጥ ሴት ነኝ፤ ትምህርት ቤት ሊሰቀል ነው፣ ሰው ሊያየው ነው፣ ነገ እሷንስ ማን ይጠይቃታል እያልሁ ሰነበትሁ። በመጨረሻ ሣጥኔን ከፍቼ ነጠላውን አወጣሁላት።

መቀሱን አነሣችና «ጫፉ ተበጣጥሷል፤ ላስተካክለው?» አለችኝ።

«እንዳትቆርጪው!» ስል መቀሱ ከእጇ ወደቀ። ከዚያ ቁጭ ብዬ ነገርኋት። ነጠላውን ሥራዋ ላይ ሰፋችው፣ ክሮቹንም እንደተንጠለጠሉ ትታ ከሥራቸው ባዶ ቦታ አስቀረች። «ይኸ የአጎቴ ቦታ ነው» አለች።

ያኔ ሸማውን ለብሰው ሠሪውን ይሰድቡት ነበር፤ ዛሬ ልጄ የሠራችውን ያየ ሁሉ በስልኩ እያነሣ «ነጠላውን የሠራው ሸማኔ ማነው?» ይላታል። «አያቴ ነው» ትላለች፣ ሳትፈራ። እኔ ግን አሁንም ከመናገሬ በፊት በሩን አያለሁ። ያኔ ሞጣ በእግር ነበር፤ ዛሬ መንገዱ ሰላም ሲሆን መኪና አለ። አንድ ጊዜ ሄጄ ጠይቄ፣ አንድ ሽማግሌ «ሙሉቀን ዕቃውን ይዞ ወደ የጁቤ ወርዷል» አሉኝ። የጁቤ ደግሞ የሚያውቀው አጣሁ።

ሙሉቀን የሚባል ሸማኔ፣ ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ያለው፣ ድር ሲጨርስ ስንዝር የሚያስቀር፣ አሁን ያረጀ ሰው ነው። የምታውቁት ካላችሁ፣ ካለ አለ፣ ከሌለም የለም በሉኝ። ቢቸና ገበያ ክር የምትሸጠዋን እህቱን ብላችሁ ጠይቁ።